ታላቁ የትራሽ ሜታል አልበም የቱ ነው? ሙግቱን በማስረጃ ማካሄጃ መንገድ

«ከትራሽ ሜታል አልበሞች ሁሉ ታላቁ የቱ ነው?» ተብሎ በተጠየቀ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ክርክሩ ይጦዛል። አንዱ የሜታሊካን «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» ይጠራል፣ ሌላው የስሌየርን «ሬይን ኢን ብለድ»። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም የአልበሙን ስም ጮክ ብለው ከመድገም ሌላ የሚጨምሩት ነገር አይኖርም። ላይ ላዩን የጣዕም ጠብ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላዳመጠው ግን አንደኛው የሚሟገተው የትኛው አልበም በኋላ በመጡ ባንዶች ላይ አሻራውን እንደተወ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የትኛው ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው ትራሽ ሆኖ እንደዘለቀ። ጥያቄው ሁለት ሆኖ ሳለ አንድ መልስ ላይ ይጣላሉ።

ይህን ሙዚቃ የሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ሙግት ይገባዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ መጀመሪያ ትራሽ ምን እንደሆነ መስማማት፣ ቀጥሎ መመዘኛ መቁረጥ፣ ከዚያ አልበሞቹን በእኩል ሁኔታ ማድመጥ፣ ሙግቱን በመጨረሻ መክፈት ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሰው አስቀድሞ ለወደደው አልበም የሚስማማ ትርጉም መፍጠሩ አይቀርም። (እዚህ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትራሽን ትራሽ የሚያደርገው

ከስሙ እንጀምር። በእንግሊዝኛ «ቆሻሻ» የሚለው ቃልና የዚህ ሙዚቃ ስም በእኛ ፊደል አንድ ዓይነት ተጽፈው «ትራሽ» ይሆናሉ፤ በምንጫቸው ግን ይለያያሉ። የሙዚቃው ስም መግረፍን፣ መደብደብን ያመለክታል። ስሙን በዚህ ትርጉሙ የያዘ ሰው የሙዚቃውን ግማሽ ተረድቷል።

ብዙ ሰው «ፈጣን ሜታል ነው» ብሎ ያልፋል። ፍጥነት ያስፈልጋል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። የሞተርሄድ «ኦቨርኪል» በ1979 በድርብ የእግር ድራም ሲጋልብ ትራሽ ገና አልተወለደም ነበር። ልዩነቱን የሚያመጣው የጊታር ተጫዋቹ ቀኝ እጅ ነው። ተጫዋቹ የመዳፉን ጠርዝ ክሮቹ ከጊታሩ አካል ጋር በሚገናኙበት ቦታ ላይ በስሱ ያሳርፍና በፒክ፣ ማለትም በትንሿ የክር መምቻ፣ ይመታል። ድምፁ ይታፈናል፣ አጭርና ደረቅ ይሆናል፣ ድምፅን በሚያሻክረው ዲስቶርሽን ሲያልፍ ደግሞ «ጅግ ጅግ ጅግ» የሚል የሚቆርጥ ምት ይወጣዋል። መዳፉ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ግራ ከተንሸራተተ ቃናው ሞቶ የእንጨት ኳኳታ ይቀራል፤ ወደ ኋላ ከሸሸ ክሩ ይለቀቅና ተራ ሮክ ይሆናል። የትራሽ ሪፍ፣ ማለትም ዜማው የሚቆምበት ተደጋጋሚ የጊታር ሐረግ፣ የሚሠራው በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ወፍራሙ የኢ ክር ታፍኖ ሳያቋርጥ ይደጋገማል፣ በመሃሉ ያልታፈኑ ኮርዶች እንደ ቡጢ ይወረወራሉ።

የቀኝ እጁ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማወቅ ስልክ ላይ ሜትሮኖም (ምት ጠባቂ) ክፈቱና በደቂቃ 106 ምት ላይ አድርጉት። በእያንዳንዱ ምት ላይ ጠረጴዛውን አራት ጊዜ በጣት ምቱ፣ ያውም እጁ ከላይ ወደ ታች ብቻ እየወረደ። በደቂቃ 424፣ በሴኮንድ ወደ 7 ምት ማለት ነው። የ«ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» የርዕስ ዜማ በደቂቃ ወደ 212 ምት የሚሄድ ሲሆን ዋናው ሪፉ በዚህ መንገድ፣ ሁሉም ምት ወደ ታች ሆኖ ነው የሚመታው። ወደ ላይና ወደ ታች እያፈራረቁ መምታት በእጥፍ ይቀልላል፤ ግን አንዱ ምት ጠንካራ፣ ሌላው ለስለስ ያለ ስለሚሆን ግድግዳ የመሰለው እኩልነት ይጠፋል። ጠረጴዛው ላይ 30 ሴኮንድ ሳይሞላ ክንዱ የሚግል ተሟጋች ስለ ሜታሊካው ጊታር ተጫዋች ጄምስ ሄትፊልድ ሲናገር በአክብሮት ይናገራል።

ሁለተኛው ምልክት ድራሙ ነው። ተራ ሮክ ውስጥ ስኔሩ፣ ማለትም በዱላ የሚመታው ሹል ድምፅ ያለው ከበሮ፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ይወድቃል። በትራሽ ፈጣን ክፍል እግርና ስኔር ያለ ዕረፍት ይፈራረቃሉ፦ እግር፣ ስኔር፣ እግር፣ ስኔር። ጆሮው ከችክችካ ጋር ያደገ ሰው በልማድ ሦስት ሦስት እያለ እንዳይቆጥር ይጠንቀቅ፤ ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ይሄዳል፣ የትራሹ ምት ግን ለሁለት እኩል የተከፈለ ነው። ይህ ምት በእጅጉ የመጣው ከፐንክ ነው። የእንግሊዙ ዲስቻርጅ በ1982 ባወጣው አልበም ላይ በደንብ ይሰማል። ቬኖም ድፍርስነቱን፣ ሞተርሄድ ጉልበቱን፣ ዳይመንድ ሄድና መሰሎቹ የእንግሊዝ ባንዶች የሪፍ ድርደራውን ሰጡ። ትራሽ የእነዚህ ሁሉ ልጅ ነው፤ ያደገው ግን ሳን ፍራንሲስኮ፣ ሎስ አንጀለስና ኒው ዮርክ ነው፣ በጀርመን ደግሞ ኤሰንና ጌልዘንኪርኸን።

ሦስተኛው የቃና ምርጫ ነው። ትራሽ የግማሽ ቃና እርምጃን ይወዳል፣ ከኢ ወደ ኤፍ። ከኢ ወደ ቢ ፍላት የሚዘለውን አስጨናቂ ርቀትም እንዲሁ። አራተኛው ድምፃዊው ነው። ጩኸትና ንግግር መሃል ይቆማል፤ እንደ ቀደሙት የሄቪ ሜታል ዘፋኞች በከፍተኛ ቃና አይንሳፈፍም፣ እንደ ዴዝ ሜታልም ከጉሮሮ ሥር አያጉረመርምም። አምስተኛው አወቃቀሩ ነው፦ አንድ ዜማ ብዙ ሪፎችን ይደረድራል፣ መሃል ላይ ፍጥነቱ በግማሽ ወርዶ ሕዝቡ የሚጋፋበት ከባድ ክፍል ይመጣል፣ ከዚያ ሶሎ (ጊታር ብቻውን ጎልቶ የሚጫወትበት ክፍል)፣ ከዚያ ወደ ሩጫው ይመለሳል።

ግጥሙን ከምልክቶቹ አስወጥተነዋል፤ ሆን ተብሎ ነው። የኒውክሌር ጦርነት፣ የፖለቲካ ቅጥፈት፣ ሱስ፣ እስር ቤት በትራሽ ግጥሞች ሞልተዋል፤ ግን ፐንኩም ስለዚሁ ጮኋል። ግጥም አንድን አልበም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ ዘውጉን ግን አይወስንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ዜማ ላይ አምስቱን ምልክቶች ፈትሹ። አራቱ ከተገኙ ዜማው ትራሽ ነው። ከአልበሙ ዜማዎች ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ካለፉ አልበሙ ወደ ሙግቱ ይገባል።

ፍጥነት ሲለካ የሚፈጠረው ስህተት

ሁለት ሰዎች አንዱን ዜማ ለክተው አንዱ 105፣ ሌላው 210 ይዞ ይመጣል። ሁለቱም የቆጠራ ስህተት አልሠሩም። አንዱ እግርና ስኔርን አንድ ላይ አንድ ምት አድርጎ ቆጥሯል፣ ሌላው እያንዳንዳቸውን ለየብቻ። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ደንብ ይውጣ፦ በፈጣኑ ክፍል ውስጥ ስኔሩ ብቻ ለ15 ሴኮንድ ይቆጠርና በ4 ይባዛል። 50 ስኔር ከተሰማ 200 ነው። ስኔሩ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ብቻ በሚወድቅበት ክፍል ውጤቱን እንደገና በ2 አባዙ።

በዚህ ፍጥነት በአፍ መቁጠር አይቻልም፣ ምላስ ይተሳሰራል። ወረቀት ላይ በእርሳስ ነጥብ እየመቱ መሄድና በኋላ ነጥቦቹን መቁጠር ይሻላል። ያም ካስቸገረ የማጫወቻውን ፍጥነት ወደ ግማሽ አውርዱና ውጤቱን እጥፍ አድርጉ። የ«ሬይን ኢን ብለድ» ፈጣን ክፍሎች በዚህ አቆጣጠር ከ200 በላይ ይወጣሉ። ኮምፒውተር የሰጠውን ቁጥር ብቻ አምጥቶ የሚሟገት ሰው ካለ ነጥቡን እንዲቆጥር ይጠየቅ፤ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ግማሹንና እጥፉን ያምታታሉ።

ድንበር ላይ ያሉት

ሙግቱ ሳይከፈት ድንበሩ ላይ ያሉ አልበሞች ጉዳይ ይዘጋ፤ ካልሆነ መሃል ላይ እየተነሳ ሌላውን ሁሉ ያበላሻል። ቬኖም በ1981 እና በ1982 ያወጣቸው አልበሞች የትራሽ አያቶች ናቸው፤ የታፈነው ሪፍ ገና አልጠነከረባቸውም፣ ከውድድሩ ይውጡ። የፖሰስድ «ሰቨን ቸርችስ» (1985) ከባድ ጉዳይ ነው። ሪፉና ድራሙ ትራሽ ነው፣ ድምፁ ግን ዴዝ ሜታልን ይጠራል። በአምስቱ ምልክቶች ሲለካ አራት ያገኛል፤ እኛ እናስገባዋለን። የፓንቴራ «ቮልጋር ዲስፕሌይ ኦፍ ፓወር» (1992) ደግሞ የቀኝ እጁ ከትራሽ የመጣ ቢሆንም ድራሙ መሮጥ ትቶ መርገጥ ጀምሯል፤ ግሩቭ ሜታል ይባል፣ ይውጣ። የሜታሊካ ጥቁሩ አልበም (1991) ላይ ብዙ አፍ ይጠፋል፣ አያስፈልግም። የመክፈቻ ዜማው በደቂቃ 123 ምት አካባቢ ነው፣ እግርና ስኔር የሚፈራረቁበት ሩጫ በአልበሙ ላይ እምብዛም ነው። አልበሙ ጥሩ ይሁን መጥፎ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ትራሽ አይደለም።

ሦስቱ መመዘኛዎች

«ታላቅ» የሚለው ቃል ሦስት ነገር ይዟል። ተጽዕኖ፣ ማለትም አልበሙ ከወጣ በኋላ ሌሎች ባንዶች ምን እንደቀየሩ። አሠራር፣ ማለትም የሪፍ፣ የቅንብር፣ የአጨዋወትና የቀረጻ ብቃት። ትራሽነት፣ ማለትም ዘውጉን ምን ያህል ሳይበርዝ እንደያዘ። እያንዳንዱ ከ10 ይሰጠዋል። ክብደታቸው ግን ነጥብ ሳይሰጥ፣ ሙዚቃው ሳይከፈት አስቀድሞ ይወሰናል።

ይህ ለምን አስፈለገ? አንድ ሰው ለ«ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» ተጽዕኖ 10፣ አሠራር 10፣ ትራሽነት 6 ሰጠ እንበል። ለ«ሬይን ኢን ብለድ» ደግሞ 9፣ 8 እና 10። ሦስቱ እኩል ቢመዝኑ ሜታሊካ 26፣ ስሌየር 27፤ ስሌየር አሸነፈ። ተጽዕኖና አሠራር በ4፣ ትራሽነት በ2 ቢባዛ ግን ሜታሊካ 92፣ ስሌየር 88። የሰውዬው አስተያየት በአንዲት ነጥብ እንኳ አልተለወጠም፣ አሸናፊው ግን ተለወጠ። ክብደቱን ነጥብ ከተሰጠ በኋላ ለመወሰን መሞከር ዳኛውን ፍርዱ ከተሰማ በኋላ እንደመሾም ነው።

አዳማጮች፣ አልበሞች፣ ድምፅ

ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ሁሉም ለመናገር ተራ ስለሚጠብቅ የሰማውን ይረሳል። አልበሞቹ ከስምንት አይብለጡ። ለመነሻ የሚሆኑት፦ «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» 55 ደቂቃ፣ «ሬይን ኢን ብለድ» 29፣ የሜጋዴዝ «ረስት ኢን ፒስ» 41፣ የአንትራክስ «አመንግ ዘ ሊቪንግ» 50፣ የኤክሶደስ «ቦንድድ ባይ ብለድ» 40፣ የክሪኤተር «ፕሌዠር ቱ ኪል» 38፣ የሴፑልቱራ «ቢኒዝ ዘ ሪሜንስ» 42፣ የዳርክ ኤንጅል «ዳርክነስ ዲሴንድስ» 35። በግምት አምስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በአንድ ቀን አይሞከርም። ከሦስተኛው አልበም በኋላ ጆሮ ይደነዝዛል፣ ሁሉም ሪፍ አንድ ይመስላል፣ አራተኛ የተሰማው አልበም ያለጥፋቱ ይቀጣል። በቀን ሁለት፣ በመሃል ሃያ ደቂቃ ዕረፍት፣ በአራት ቀን ይጠናቀቃል።

የትኛው እትም እንደሚሰማ መስማማት ግድ ነው። «ረስት ኢን ፒስ» በ1990 ከወጣ በኋላ በ2004 እንደገና ሚክስ ተደርጎ፣ ማለትም የመሣሪያዎቹ ድምፅ እንደገና ተመጣጥኖ፣ ወጥቷል፤ የባንዱ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ዴቭ መስቴይን በአንዳንድ ዜማዎች ላይ ድምፁን ጭምር ደግሞ ቀርጿል። አንዱ የ1990ውን፣ ሌላው የ2004ቱን ሰምቶ ቢሟገቱ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው የሚያወሩት። በተቻለ መጠን የመጀመሪያው እትም ይወሰድ። ብዙዎቹ የኋላ ሪማስተሮች ድምፃቸው ተገፍቶ ጮክ እንዲል ተደርገዋል፣ የሰው ጆሮ ደግሞ ጮክ ያለውን የተሻለ አድርጎ ይሰማል። ስለዚህ አልበም ሲቀየር የድምፅ መጠኑ ይስተካከል፦ የስልክ ድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ስፒከሩ ፊት ተቀምጦ በዋናው ሪፍ ላይ ልዩነቱ ከ1 ዴሲቤል እንዳያልፍ። በኢንተርኔት ማጫወቻ ላይ ከሆነ የድምፅ ማመጣጠኛው ይከፈት፣ ዜማ ማደባለቂያውና ዜማን በዜማ ላይ የሚያደራርበው ቅንብር ይዘጉ። ይህ የመጨረሻው ተራ ነገር አይምሰላችሁ። «ሬይን ኢን ብለድ» ላይ ዘጠነኛው ዜማ ወደ አሥረኛው ሳይቋረጥ ይገባል፤ ያቺ መሸጋገሪያ ከተበላሸች የአልበሙ መደምደሚያ አብሮ ይበላሻል። የእጅ መዳፍ የምታህል ብሉቱዝ ስፒከርም አትሆንም፣ የእግር ድራሙን አታወጣውም። ከእሷ ይልቅ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ይሻላል።

እያንዳንዱ አልበም ይዞት የሚቀርበው ማስረጃ

«ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» መጋቢት 3 ቀን 1986 ወጣ። የተቀረጸው ኮፐንሃገን፣ ከፍሌሚንግ ራስሙሰን ጋር ነው። ለእሱ የሚሟገት ሰው በቅንብር ይጀምር። የርዕስ ዜማው ከስምንት ደቂቃ በላይ ይሄዳል፣ መሃል ላይ ሁሉም ነገር ረግቦ ጊታሮቹ ለሁለት በስምምነት ይዘምራሉ፣ ከዚያ ሪፉ ቀስ በቀስ እየከበደ ይመለሳል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድም ስፌት አይታይም። የክሊፍ በርተን ቤዝ የጊታር ጥላ ሆኖ አልቀረም፣ በመሣሪያ ብቻ በተሠራው ረጅም ዜማ ላይ ራሱ ይመራል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለታሪክ ከሚያቆያቸው ቅጂዎች ዝርዝር ውስጥ ከገባ የመጀመሪያው የሜታል አልበም ይኸው ነው፤ ይህ ለተጽዕኖ ነጥብ ጠንካራ ምስክር ነው። ተቃዋሚው የሚይዘው ደግሞ ትራሽነቱን ነው። ከስምንቱ ዜማዎች በሙሉ ጉልበት የሚሮጡት ግማሽ ያህሉ ናቸው። በደንባችን መሠረት ያልፋል፣ ግን በጠባቡ። ለንጽሕና የሚሟገት ሰው የዚሁ ባንድ የሆነውን «ራይድ ዘ ላይትኒንግ»ን (1984) ሊጠራ ይችል ይሆናል፣ እሱም ቀርፋፋ ዜማ አለበት። በ1983 የወጣው የሜታሊካ «ኪል ኤም ኦል» ግን ከፊቱ ከነበሩት ሁሉ የተለየ አዲስ ነገር ነበር፤ «የመጀመሪያው» የሚለውን ማዕረግ ከሱ የሚነጥቅ አልበም ማቅረብ ይከብዳል።

«ሬይን ኢን ብለድ» ጥቅምት 7 ቀን 1986። አሥር ዜማ፣ 29 ደቂቃ። አጭር ከመሆኑ የተነሣ የካሴቱ እትም በሁለቱም ገጽ ላይ ሙሉውን አልበም ይዞ ነበር። እስከዚያ ድረስ በሂፕ ሆፕ የሚታወቀው ሪክ ሩቢን ፕሮዲውስ ሲያደርገው በቀደሙት የስሌየር አልበሞች ላይ የነበረውን የማስተጋቢያ ጭጋግ ገፈፈ። ድምፁ ደረቀ፣ ቀረበ፣ እያንዳንዱ የድራም ተጫዋቹ የዴቭ ሎምባርዶ ምት እንደ ምስማር ለብቻው ቆመ። ፈጣን ሙዚቃ በማስተጋቢያ ሲቀረጽ አንዱ ምት ሳይሞት ሌላው ይደርስበትና ይጨማለቃል፤ ማስተጋቢያው ሲነሳ ፍጥነቱ ይነበባል። የአልበሙ ምሥጢር ይህ ነው፤ ስለ ፍጥነቱ ብቻ የሚያወራ ተሟጋች ምርጡን ማስረጃውን ረስቷል። ድካሙ? ሶሎዎቹ በክሩ ላይ ከመጮህ አልፈው ዜማ የሚሆኑበት ጊዜ ጥቂት ነው፣ መሃል ያሉት አጫጭር ዜማዎችም ለአዲስ ጆሮ ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያውን ነጥብ ደጋፊው «ትርምሱ የታቀደ ነው» ብሎ ይመልሰዋል፣ መልሱም ያስኬዳል። ሁለተኛው ግን መልስ ያንሰዋል።

«ረስት ኢን ፒስ» በአጨዋወት ብቻ ቢዳኝ ያሸንፋል ብለን እናምናለን። የባንዱ ጊታር ተጫዋች ማርቲ ፍሪድማን ከአውሮፓ ሚዛን ውጭ የሆኑ ቃናዎችን እያጠማዘዘ የሚጫወታቸው ሶሎዎች በትራሽ ውስጥ አቻ የላቸውም፤ መስቴይን ደግሞ እየዘፈነ ያን የመሰለ ሪፍ መምታቱ ቆም ብሎ መታየት ያለበት ነገር ነው። በመክፈቻው ዜማ መሃል ሩጫው በድንገት ተቆርጦ በአኩስቲክ ጊታር የምሥራቁን ቃና የያዘ አጭር ሶሎ ይገባል፤ ያንን 15 ሴኮንድ ማስረጃ አድርጎ ማሰማት ከአሥር ደቂቃ ንግግር ይበልጣል። ችግሩ ጊዜው ነው። መስከረም 24 ቀን 1990 ሲወጣ የዘውጉ ቋንቋ ተሠርቶ አልቆ ነበር። አልበሙ ቋንቋውን በብቃት ተናገረው፣ አልፈጠረውም። ከተጽዕኖ ነጥብ ላይ ቢያንስ ሁለት ይቀነስበት።

«ቦንድድ ባይ ብለድ» ላይ የቀኑ ጉዳይ ሁልጊዜ ጠብ ያስነሳል። የተቀረጸው በ1984 ነው፣ በሱቅ የተገኘው በ1985። እስከዚያ ግን ቅጂው በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሟል። ስለዚህ «ማን ቀደመ» በሚባልበት ጊዜ የሚቆጠረው የቀረጻው ነው ወይስ የወጣበት ቀን የሚለው አስቀድሞ ይቆረጥ። በትራሽነት መመዘኛ 10 ካልተሰጠው ነጥብ ሰጪው ምክንያቱን ያስረዳ። የፖል ባሎፍ ድምፅ ዘፈን ከመሆኑ በፊት ዛቻ ነው፣ ለዚህ ሙዚቃ ከዚህ የሚስማማ የለም።

«አመንግ ዘ ሊቪንግ» (1987) ከፐንኩ ወገን የመጣውን፣ ባንዱ በሙሉ ተቀባይ ሆኖ የሚጮኸውን አዝማች ለትራሽ ያስረከበ ነው። የድራም ተጫዋቹ ቻርሊ ቤናንቴ ፍጥነቱን ሲቀይር ጊታሮቹ አብረውት ይታጠፋሉ። ርዝመቱ ጥቂት ይጎዳዋል።

አሜሪካ ላይ ብቻ የቆመ ሙግት ግማሹን ታሪክ ይጥላል። የጀርመኑ ክሪኤተር «ፕሌዠር ቱ ኪል» (1986) ሻካራ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ድራሙና ጊታሩ ሊለያዩ ሲሉ ይሰማል፤ በአሠራር ከ7 በላይ መስጠት ይከብዳል። ግን ዴዝ ሜታል ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ሰው ይህን አልበም ሳይሰማ መልስ አያገኝም፤ ተጽዕኖው 9 ነው። ሌሎቹ የጀርመን ባንዶች ሶዶምና ዲስትራክሽን በአንድ ወገን አብረውት ይቆማሉ። «ቢኒዝ ዘ ሪሜንስ» (1989) ደግሞ ከብራዚሏ ቤሎ ኦሪዞንቴ የወጡ ወጣቶች ሪዮ ዲ ጃኔሮ ውስጥ ከፕሮዲውሰሩ ስኮት በርንስ ጋር የቀረጹት ነው፤ ትራሽ የሁለት አገር ንብረት እንዳልሆነ በድምፅ የሚመሰክር። «ዳርክነስ ዲሴንድስ» ላይ የድራም ተጫዋቹን የጂን ሆግላንን እግር ብቻ ተከትላችሁ አንድ ጊዜ አድምጡት፣ ከዚያ ነጥብ ስጡ።

ሙግቱ ሲከፈት

አንድ ሰው ዳኛ ይሁን፣ እሱ አይሟገትም፣ ሰዓት ይይዛል። እያንዳንዱ ተሟጋች ለአንድ አልበም ሦስት ደቂቃ ያገኛል። በዚያ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ቁራጭ ማሰማት አለበት፤ እያንዳንዳቸው ከ30 ሴኮንድ የማይበልጡ፣ ደቂቃና ሴኮንዳቸው አስቀድሞ በወረቀት የተጻፈ። ቁራጭ ፍለጋ ስልክ እየነካኩ ሰው ማስጠበቅ ከሦስቱ ደቂቃ ይቀነሳል። ተቃዋሚው አንድ ደቂቃ አለው፤ ከመንቀፉ በፊት ግን የአልበሙን ጠንካራ ጎን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይገደዳል። መናገር ካልቻለ አልበሙን በደንብ አልሰማውም ማለት ነው፣ ተራው ያልፋል።

ዕጣ አውጥቶ ሰው የማይወደውን አልበም እንዲከላከል ማድረግ ከሁሉ የበለጠ ጥቅም አለው። የሜታሊካ አፍቃሪ ለክሪኤተር ሲቆም ጆሮው ይከፈታል፣ ሙግቱም ከስም ጠብ ይወጣል።

«ጨለማ ነው»፣ «ኃይል አለው»፣ «ልብ ይነካል» የሚሉት ነጥብ አያስገኙም። «በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ድራሙ በግማሽ ሲወርድ ሪፉ ሳይለወጥ ይከብዳል» የሚል ያስገኛል፤ ሌላው ሰው መስማትና መቃወም ይችላልና።

ሙግቱን የሚያበላሹት

«ታላላቆቹ አራት» የሚለው ስያሜ ብዙ ጊዜ ማስረጃ ተደርጎ ይቀርባል። ሜታሊካ፣ ስሌየር፣ ሜጋዴዝና አንትራክስ በዝናና በሽያጭ ተለይተው የወጡ ባንዶች ናቸው፤ አራቱ በአንድ መድረክ የተሰለፉት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰኔ 16 ቀን 2010 ዋርሶ ላይ ነው። ስያሜው ስለ ባንዶች ነው፣ ስለ አልበም አይናገርም። ቴስታመንት ወይም ኦቨርኪል ከአራቱ ስላልተቆጠሩ አልበማቸው ያንሳል የሚል ሰው ማስረጃውን በድምፅ ያምጣ።

ሽያጭም እንዲሁ ነው። በሽያጭ ከተሄደ ከውድድሩ ያስወጣነው ጥቁሩ አልበም ሁሉንም ይጠቀልላል።

የበርተን ሞት፣ መስከረም 27 ቀን 1986 ስዊድን ውስጥ በደረሰው የአውቶቡስ አደጋ፣ «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» ላይ ሐዘን ጥሎበታል። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፣ አልበሙም በዚህ ምክንያት ለብዙዎች የከበደ ነው። ነጥብ ግን ለተቀረጸው ድምፅ ብቻ ይሰጥ። በ1988 በወጣው «አንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይታያል፦ የአዲሱ ቤዝ ተጫዋች ድምፅ በሚክሱ ውስጥ ሊሰማ በማይችል ደረጃ ወርዷል። ይህ የቀረጻ ጉድለት ስለሆነ ከአሠራር ነጥብ ይቀነሳል፣ ከተጽዕኖው ግን አይቀነስም። አንዱን ጥፋት በሦስቱም ዓምድ መቅጣት በነጥብ አሰጣጥ ላይ ከሚታዩት ስህተቶች ሁሉ የሚበዛው ነው፤ ዳኛው በዚህ ላይ ዓይኑን ይክፈት።

ነጥቡ በምስጢር፣ በወረቀት ይሰጥ፣ ሁሉም ጽፎ ሳይጨርስ አይገለጥ። ሁለት አልበሞች እኩል ከወጡ አዲስ ሙግት አይከፈትም። የሁለቱም የመጀመሪያ ሦስት ደቂቃና የመጨረሻ ሦስት ደቂቃ በተመሳሳይ ድምፅ መጠን በተከታታይ ይሰማና እንደገና ድምፅ ይሰጣል። ውጤቱ ሲመዘገብ ከአሸናፊው ስም ጎን ሦስቱ ክብደቶችና የተሰማው እትም ዓመት ይጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ተጽዕኖ በ2፣ ትራሽነት በ5 ተባዝቶ ኤክሶደስ አንደኛ ሲወጣ ያኔ የተጻፈው ወረቀት ያስፈልጋል።